ያልደረሱ አደጋዎች መዝገብ

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ልጅ በእናቱ እጅ ተይዞ ከበሩ ሲወጣ ኑሃሚን ሰማያዊ ገዋኗን ሳታወልቅ ወደ ማያ ክፍል ትገባለች። ወንበሯን ትስባለች፣ አውራ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያም በዕለቱ የሞቱትን ልጆች አንድ በአንድ ታያለች።

የሞተ ልጅ ግን የለም። ሁሉም በሰላም ቤታቸው ገብተዋል፤ ይህን ጊዜ አንዱ ዳቦ እየገመጠ ነው፣ ሌላዋ ጫማዬን አላወልቅም ብላ እያስቸገረች ነው። ኑሃሚን የምታየው በዚያን ቀን ሊወድቁ ሲሉ ደርሳ ያነሣቻቸውን ነው። ባትደርስ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነጋሪ የተባለው፣ ልጆቹን የሚጠብቀው ማሽን ያሳያታል። የልጁ መልክ የራሱ ነው፣ ድምፁም የራሱ ነው፤ ጠዋት ሹራቡ ላይ ያንጠባጠበው ገንፎ ሳይቀር አለ። ልጁ ይወድቃል፣ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል። የምታየው ሴት ዐይኗን ከጨፈነች ፋይሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እስከ መጨረሻው ካየች አውራ ጣቷን ትጫናለች፣ «አይቻለሁ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ቀጣዩ ልጅ ይመጣል።

በደህና ቀን ስድስት ይሆናሉ። ዝናብ ጥሎ ልጆቹ ቤት ውስጥ ሲተራመሱ ዐሥራ አራት የሞላበት ጊዜ አለ።

ይህ በ2064 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለው የሕፃናት ማቆያ፣ እንደ ሳህን ማጠብና ወለል መጥረግ ያለ ሥራ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «በዚህ ማቆያ ልጅ ከወደቀ 4,112 ቀን ሆነው» ይላል። ወላጆች ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ ከሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ።

ኑሃሚን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእሷ ልጅነት አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ኑሃሚን አይጠፋም ነበር፤ አሁን ስሙ የባልቴት ስም ሆኖ ቀርቷል። ሕፃናቱ እነ ይመኙሻል፣ እነ ደርበው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ የተሰካችው የነጋሪ ማዳመጫ ፍሬ ትናገራለች፦ «ይመኙሻል፣ ስድስት ሰከንድ።» በስድስት ሰከንድ ውስጥ ይመኙሻል ያለችበት ደርሳ በብብቷ ገብታ ማንሣት አለባት። ካልደረሰች ልጅቱ የለበሰችው መከላከያ ሰደርያ እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ኑሃሚን ደግሞ ስሟ ይያዛል። ልጆቹ ለምደውታል። እየሮጡ ሳለ ከመሬት ተነሥተው አየር ላይ ሲንጠለጠሉ ወሬያቸውን እንኳ አያቋርጡም፤ እግራቸውን እያወዛወዙ ያንኑ ወሬ ይቀጥላሉ፣ መሬት ሲነኩ ሩጫቸውን ይቀጥላሉ። ያለቀው የኑሃሚን ጉልበት ነው።

እሷ እዚህ ቤት የገባችው ነጋሪ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ሌሎቹ ሞግዚቶች ልብ ያላሉትን አንድ ነገር አስተውላለች። በመጀመሪያው ዓመት ፋይሎቹ የዋህ ነበሩ። ልጁ ይወድቃል፣ ክርኑ ይላጣል ወይ ግንባሩ ያብጣል፣ ያለቅሳል፣ አበቃ። ያኔ ሞግዚቶቹ ሻይ ይዘው እየተሳሳቁ ነበር የሚያዩት። በሦስተኛው ዓመት የእጅ ስብራት መጣ። በአምስተኛው ጭንቅላት። አሁን አሁን አንድ ልጅ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ዘፍ ቢል እንኳ አይነሣም። ዐይኑን እንደገለጠ ይቀራል፤ ነጋሪም ያንን ፊት ዐሥር ሰከንድ ሙሉ ሳያንቀሳቅስ ያቆየዋል። ባለፈው ማክሰኞ ደርበው ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲጎትት ወደ ኋላ ተገለበጠና ሞተ። ኑሃሚን ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ዐሥሩ ሰከንድ ሲጀምር ግን ጠፋ።

በማግስቱ ደርበው በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እየዘፈነ መጣ። ኑሃሚን ስትቀበለው እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች። ትኩስ ነው። የሁሉንም ልጆች አንገት እንዲህ እየዳበሰች ማስገባት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ ወላጆች ፍቅር ይመስላቸዋል፣ ፍቅርም ነው።

አንድ ቀን አብራት የምትሠራው ዙበይዳ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ አትቆጪኝና ማን ሞቶብሽ ነው?» አለቻት።

«ማንም። ምነው?»

«ከመስከረም ጀምሮ ከገዋንሽ ሥር ጥቁር ነው የምትለብሺው።»

ኑሃሚን ቤቷ ሄዳ ቁም ሣጥኗን ከፈተች። እውነት ነው። ቀሚሱም፣ ሹራቡም፣ ካልሲውም ጥቁር ነው፤ ያንን ሁሉ መቼ እንደገዛችው አታውቅም። ፈርታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ የከረረው በአትጠገብ ነው። አትጠገብ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ማሕደር ፋብሪካው ውስጥ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ይህች ልጅ የምትወጣበት ነገር ካላገኘች እህል አይበላላትም። ወንበር ላይ ትወጣለች፣ የመጫወቻ ሣጥን ላይ ትወጣለች፣ ሌላ ካጣች የተኛ ልጅ ላይ ትወጣለች። ኑሃሚን ለሌሎቹ ሃያ ሁለት ልጆች የምትሮጠውን ያህል ለእሷ ብቻ ትሮጣለች። ወዳታለች፤ በቂ ምክንያት ሳይኖር፣ እንዲሁ። መዝገቡ ውስጥ መቶ አርባ ጊዜ ስትሞት አይታታለች፣ አንዱንም አልለመደችውም።

እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር አለው፤ መዝገቡ ውስጥ በሞተ መጠን ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሰባ ከገባ ወደ ለስላሳው ክፍል ይዛወራል። ለስላሳው ክፍል ግድግዳውም ወለሉም ፍራሽ ነው። ልጆቹ በወገባቸው ታስረው በክብ ይቀመጣሉ፤ ማሰሪያው አይቆረቁርም፣ ልጆቹም አያለቅሱም። ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ውሏቸው እዚያ ነው። ባለፈው መስከረም ባምላኩ የሚባል ልጅ ከዚያ ወጣ። አባቱ አዲስ ቦርሳ አንግቶት እስከ መንገዱ አብረው ሄዱ። ከእግረኛ መንገዱ ወደ አስፋልቱ መውረጃው አንድ ስንዝር አይሞላም። ባምላኩ እግሩን ሰደድ አድርጎ መለሰ፤ ደግሞ ሰደድ አድርጎ መለሰ። ከኋላ መኪና ጥሩንባ ሲበዛ አባቱ ተሸክሞት ተሻገረ። ኑሃሚን በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አይታለች።

የአትጠገብ ቁጥር በዚያ ሳምንት ስልሳ ስምንት ነበር።

ረቡዕ ዕለት ኑሃሚን ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው ኢዮስያስ ይባላል፤ ልጅ ሳለ በዚሁ ግቢ ያሳደገችው እሷ ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው ሳትቀመጥ። «ልጅ ሲወድቅ ይነሣል አይደል?»

«እትዬ ኑሃሚን፣ ደግሞ ዛሬ ምን መጣ?»

«መልስልኝ።»

«ይነሣል እንጂ።»

«ነጋሪ ግን አይነሣም ነው የሚለው። አንድም ልጅ አይነሣም። ካልሲ ያወለቀ ልጅ ይሞታል እንዴ?»

ኢዮስያስ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «እሱ የሚያውቀው የታየውን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለነገሩ እኮ በአገሩ ሁሉ የወደቀ ልጅ የለም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት። ምን ይይ? የትናንቱን የራሱን ፋይል አይቶ የዛሬውን ይሠራል። የዛሬውን አይቶ የነገውን። ወሬ ከሰው ሰው ሲሄድ እንደሚያብጠው ነው።»

«ታዲያ ንገሩታ!»

«ማን ይንገረው? ሰው ሲነግረው አይሰማም፤ ማየት አለበት። ለማሳየት ደግሞ ልጅ መውደቅ አለበት። የማንን ልጅ እንጣል?»

ኑሃሚን ጠረጴዛውን ተደግፋ ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ቅንድብህን ዳብሰው።»

እጁ ሳያስበው ወደ ቅንድቡ ሄደ። እዚያ ጠጉር የማይበቅልበት ቀጭን መስመር አለ።

«ከዥዋዥዌው ነው የወደቅከው። ደምህ ገዋኔን አበላሽቶታል። ብስኩት ሰጠሁህ፣ ዝም አልክ፣ ተመልሰህ እዚያው ዥዋዥዌ ላይ ወጣህ። አንተን ማን አነሣህ? ራስህ ነህ የተነሣኸው።»

ኢዮስያስ እጁን ከቅንድቡ አወረደ። «ሰኞ የአትጠገብ ቁጥር ሰባ ይገባል» አለ። «ማዘዋወሪያውን የምፈርመው እኔ አይደለሁም፣ በራሱ ነው የሚወጣው። እኔ ምንም ማድረግ አልችልም፤ አንቺም እባክሽ ምንም እንዳታደርጊ።»

ሐሙስ ዕለት ማሕደር ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ዐይኗ ቀልቶ ነበር። አትጠገብን ወደ ጫማ መደርደሪያው ላከቻትና፣ «እትዬ፣ መልእክት መጣልኝ። ለልጅዎ ደኅንነት ይላል» አለች።

«አብሽሪ።»

«አብሽሪ አትበይኝ! እሷ እኮ ታስራ የምትቆይ ልጅ አይደለችም። ሌላ የማስቀምጥበት የለኝ፣ እናቴ የለች፣ እህት የለኝ። ሦስት ዓመት ታስራ ከርማ ምኗን ነው የምትመልሱልኝ?»

ኑሃሚን ጫማ መደርደሪያውን ተመለከተች። አትጠገብ ሁለተኛው እርከን ላይ ደርሳለች። ጆሮዋ ውስጥ ያለው ድምፅ ሰከንድ መቁጠር ሲጀምር ሄዳ አወረደቻትና ተመለሰች።

«ብትወድቅስ?» አለች። «አንዴ። ጉልበቷ ቢላጥ፣ ትንሽ ደም ቢወጣት፣ ነጋሪም ቢያይ።»

ማሕደር ዙሪያዋን ቃኘች። ወላጆችም በወር አንድ ጊዜ የልጃቸው ፋይሎች ማጠቃለያ ይላክላቸዋል፤ እሷም አይታለች። «ትነሣለች?» አለች።

ኑሃሚን ደነገጠች። «ምን ማለትሽ ነው? አንቺስ ልጅ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ» አለች ማሕደር። «አንቺ ነሽ የምታውቂ። እኔ ምንም አልልም» ብላ ልጇን ይዛ ሄደች።

ያን ቀን ማምሻውን ኑሃሚን መስታወቷ ፊት ቆማ ተለማመደች። የድሮ ጊዜ ሞግዚት ናትና ታውቃለች፤ የወደቀ ልጅ ቀድሞ የሚያየው ቁስሉን አይደለም፣ ያጠገቡን ትልቅ ሰው ፊት ነው። ፊትሽ ከደነገጠ ያለቅሳል፣ ፊትሽ ከሳቀ ይነሣል። ስለዚህ ፊቷን ፈታ አድርጋ፣ «እኔን! አይዞሽ የኔ ጎበዝ፣ ተነሺ!» አለች። ከዚያ እናቷ ለእሷ ታደርግላት እንደነበረው ጎንበስ ብላ ወለሉን በጥፊ መታች። «ይቺ ናት የጣለችሽ? እንኪ! ሁለተኛ አይልመድሽ!» ሃያ ጊዜ ያህል አለችው። በመጨረሻ አፏ ላይ ቀለላት።

ዐርብ ጠዋት ሰደርያ የሚቀየርበት ቀን ነው። የቆሸሸው ወልቆ የታጠበው እስኪለበስ ልጁ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያለ ሰደርያ ይቆያል፤ ሞግዚቶቹ «ራቁት ሰዓት» ይሉታል። በግቢው ጀርባ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ ከድሮው ሕንፃ የተረፉ ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ በወፍራም ስፖንጅ ተሸፍነዋል። ኑሃሚን ቀድማ ገብታ ስፖንጁን ልጣው ነበር። ድንጋዩ ከሥሩ እርጥብና ጥቁር ሆኖ ወጣ።

የአትጠገብን ሰደርያ አወለቀችላት። የታጠበውን ግን አላነሣችም።

«ሂጂ» አለቻት። «ደረጃው ላይ ውጪ።»

ልጅቱ አላመነችም። እንዲህ ብሎ የነገራት ሰው የለም። ኑሃሚንን ዐይን ዐይኗን አየቻትና፣ እውነት መሆኑን ስታውቅ በረረች።

«አትጠገብ፣ ዐሥራ አንድ ሰከንድ።»

ኑሃሚን የውሃ ቧንቧውን በሁለት እጇ ያዘች። እግሯ ግን ለዓመታት የለመደውን አልተወምና መሄድ ፈለገ።

«አትጠገብ፣ ስድስት ሰከንድ።»

ልጅቱ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወጥታ ወገቧን ይዛ ግቢውን ተመለከተች። ከወዲያ ማዶ ዙበይዳ ሰደርያ በእጇ እንደያዘች፣ «እትዬ! አትጠገብ! እትዬ!» ብላ ጮኸች። ኑሃሚን ቧንቧውን አጥብቃ ያዘች። አትጠገብ ልትዘል ጉልበቷን አጠፍ ስታደርግ እግሯ ከእርጥቡ ድንጋይ ላይ ሸሸ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ዱባ መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማውን ያህል። ልጅቱ በግንባሯ ተደፋች፣ አንድ እጇ ከሆዷ ሥር ገባ። አልተንቀሳቀሰችም። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ኑሃሚን የተለማመደችውን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። የወጣው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር ላይ ዐይኗን ሳትጨፍን ስታይ ያላለቀሰችው ልቅሶ ነው። ደርበውም፣ ይመኙሻልም፣ መቶ አርባዋም አትጠገብ ባንድ ላይ ወጡ። ሻሿን ከራሷ ላይ ጎትታ ጣለች፤ መቀነቷን ወገቧ ላይ አጥብቃ ደረቷን ትመታ ጀመር። «ልጄን! ወዮ ልጄን! በእጄ!» ጩኸቷ ከግቢው አልፎ መንገዱን ተሻገረ። ዐይኗ ደረጃው ሥር ካለው ቦታ አልተነቀለም፣ ሌላ ነገርም አላየችም። ሌሎቹ ሞግዚቶች አንዳቸውም አልተጠጉም። የሚሆነውን ያውቁታላ፤ ዙበይዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

የኮምቦልቻ ሰው እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ በኋላ ይጠይቃል። የሠፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ጎረፉ። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አንዱ ደግ ሰው ወደ ፋብሪካው ሮጦ ለማሕደር ሁለት ባልቴቶች እንዲላኩላት አደረገ። ባልቴቶቹም እንደ ወጉ፣ «ልጅሽን ትንሽ አሟታልና ነይ» አሏት። በእውነት ትንሽ ላመመው ሰው ሁለት ባልቴት እንደማይላክ ማሕደር ታውቃለች። ፈትሉ መሐል ወደቀች።

ኑሃሚን ራሷን ያወቀችው ውሃ ፊቷ ላይ ሲደፋ ነው። ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። ደረጃው ላይ ደግሞ አትጠገብ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፣ ብስኩት ትበላለች። ከአጠገቧ የጥበቃው ሠራተኛ ጋሽ ሙሄ ቆሟል። በግቢው ውስጥ ፋይሎቹን የማያይ እሱ ብቻ ነው፤ ልጅቱን ያነሣትም፣ ጉልበቷን ያጠበላትም እሱ ነው።

ማሕደርን በሁለት ሰው ደግፈው አስገቧት። ልጇን ስታይ አልጮኸችም። ተንበርክካ ፊቷን፣ ጆሮዋን፣ አንገቷን በእጇ ዳበሰች፣ ደግማ ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ ኑሃሚንን አየቻት። ያ አስተያየት ምን እንደነበረ ኑሃሚን እስካሁን አልገባትም። ከዚያ በኋላ ማሕደር ዐይኗን አይታት አታውቅም።

በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ያን ዕለት ዜሮ ሆነ። አጣሪዎች ከላይ መጡ። ኑሃሚን ስፖንጁን መላጧንም፣ ቧንቧውን መያዟንም አልካደችም። አንድ ነገር ላይ ብቻ አልስማማ አለች።

«ልጅቱ በዘጠኝ ሰከንድ ተነሥታለች» አላት አጣሪው። «ነጋሪ መዝግቦታል።»

«አልተነሣችም። እኔ እያየሁ ነበር። ተኝታ ነው ያየኋት።»

«ዘጠኝ ሰከንድ ይላል።»

«ዐይኔን አልነቀልኩም እኮ ነው የምልህ!»

ነጋሪ ግን አየ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያላየውን አየና የሚያውቀውን ሁሉ እንደገና ሠራ። ሰኞ የአትጠገብ ቁጥር ሰባ ሊገባ ሲጠበቅ ዐሥራ ሦስት ሆነ። በአገሩ ሁሉ ቁጥሮች ወረዱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የለስላሳው ክፍል በር ተከፈተ፤ ልጆቹ ግድግዳ ይዘው አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ወጡ። ኑሃሚን ልጅቱን አድናታለች፤ ይህን ማንም አልካዳትም። ከልጆች ጋር እንዳትሠራ ተከለከለች እንጂ ከሥራ አልተባረረችም። ማያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የስምንቱንም ሞግዚቶች ፋይል እንድታይ ተመደበች። በመስኮቱ አትጠገብ የመጫወቻ ሣጥን ላይ ቆማ ትታያታለች።

ፋይሎቹ ተለውጠዋል። ይመኙሻል ትወድቅና ክርኗን ታሻለች፣ ትነሣለች። ደርበው ይወድቅና ይነሣል። ግን በእያንዳንዱ ፋይል ጥግ ላይ ሰማያዊ ገዋን የለበሰች ሴት አለች። ልጁ መሬት ሲነካ ሴትዮዋ አፏን ትከፍታለች፣ ሻሿን ትጥላለች፣ ደረቷን ትመታለች። ነጋሪ ያየው እውነተኛ ውድቀት አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ልጅ ሲወድቅ ይህች ሴት ትጮኻለች። ስለዚህ ልጅ በወደቀበት ሁሉ ትጮኻለች። ጎንደር ያለችው የእህቷ ልጅ ደውላ፣ «እትዬ ኑሂ፣ የልጄ ማጠቃለያ ላይ አየሁሽ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ጅማም፣ ሐረርም፣ አርባ ምንጭም ሞግዚቶች በየቀኑ ፊቷን እያዩ አውራ ጣታቸውን ይጫናሉ።

ፋይሎቹ ልጁ እንደተነሣ ይቋረጣሉ። የአትጠገብ ብቻ አይቋረጥም። በመዝገቡ ውስጥ «የደረሰ» የሚል ምልክት ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ሙሉ ነው፣ ማንም ሳይፈርምበት ቆይቷል። ኑሃሚን ሁለት ወር ሙሉ አልነካችውም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ዘጠኝ ሰከንድ የሚለው ነገር አላስቀምጥ አላት።

ዙበይዳ ከኋላዋ ሻይ ይዛ ገብታ ስክሪኑን አየችው። «እትዬ፣ ይቅርብሽ» አለች። «እኔ ለአጣሪዎቹ ሲታይ አይቼዋለሁ። አትክፈቺው፣ በናትሽ።»

«ተነሥታለች ወይስ አልተነሣችም?»

«ተነሥታለች» አለች ዙበይዳ፣ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ኑሃሚን ከፈተችው።

ልጅቱ ወደቀች። ሴትዮዋ ጮኸች። በዘጠነኛው ሰከንድ አትጠገብ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች፣ እንደተባለው። ጉልበቷን አየች። ደሙን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ፊቷ ፈካ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ውስጧ እንዳለ ማን ነግሯት ያውቃል? ልታሳይ ሮጠች። «እትዬ ኑሂ፣ እዪ!»

ሴትዮዋ ደረጃው ሥር ያለውን መሬት እያየች ደረቷን ትመታለች።

«እትዬ ኑሂ፣ እዚህ ነኝ።» ገዋኗን ጎተተች። «እዚህ ነኝ እኮ!» ደግማ ጎተተች። ከሴትዮዋ ፊት ለፊት ሄዳ ቆመች፤ ሴትዮዋ በላይዋ አሻግራ አየች። የልጅቱ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ዞር ብላ ሴትዮዋ የምታይበትን ቦታ አየች፤ ባዶ ድንጋይ ነው። ጣቷን አፏ ውስጥ እንደከተተች ትንሽ አሰበች።

ከዚያ ተመልሳ ሄደች። ደረጃው ሥር፣ እዚያው የወደቀችበት ቦታ ላይ፣ በጥንቃቄ በግንባሯ ተኛች። እጇን ከሆዷ ሥር አስገባች፣ እንደ መጀመሪያው። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ቀና ብላ ኑሃሚን አይታት እንደሆነ ሰረቅ አድርጋ አየችና መልሳ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አደረገች።

ጋሽ ሙሄ እስኪመጣ ገና አራት ደቂቃ ይቀር ነበር።